ጀግና ማን ነው?

ማታ እራት ላይ ልጄ «አባዬ፣ ጀግና ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ። «የማይሸሽ ሰው» አልኳት። «ከእሳት የሸሸስ? ፈሪ ነው?» የጠቀለልኩትን ሳልጎርስ ቀረሁ።

የዛሬ 2,400 ዓመት ገደማ የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶን በጻፈው ውይይት ላይ፣ የአቴናው የጦር አዛዥ ላኬስ ለፈላስፋው ለሶቅራጥስ የመለሰው ልክ እንደ እኔ ነው፦ ከሰልፉ ሳይሸሽ ጠላቱን የሚገጥም። ሶቅራጥስም ጠየቀው፦ እየሸሹ የሚዋጉት የእስኩቴስ ፈረሰኞችስ? በሽታን፣ ድህነትን፣ የባሕር ማዕበልን የሚጋፈጠውስ?

የሚገርመኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ላኬስ ራሱ የሶቅራጥስን ጀግንነት ያየው በ424 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ አቴናውያን ዴሊዮን በተባለ ስፍራ በጦርነት ተሸንፈው አብረው ሲያፈገፍጉ ነበር!

ላኬስን ጨምሮ ሁለት የጦር አዛዦች ባሉበት መልሱ ሳይገኝ ውይይቱ ያበቃል። ልጄ አሁን ተኝታለች። ጠዋት ስትነሳ ከዚያው እንቀጥላለን።