የካምፕ መኪናና የ3.5 ቶኑ የክብደት ጣሪያ

ጀርመን አገር የካምፕ መኪና (መኝታና ማብሰያ ያለው የጉዞ መኪና) ተከራይተው በክረምት ዕረፍት ወደ ጣሊያን የሚወርዱ ወዳጆቼ ከጉዞው በፊት የሚጠይቁኝ ስለ ማደሪያ ቦታና ስለ ጋዝ ሲሊንደር ነው፤ ስለ ክብደት የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ መኪኖች የተመዘገቡት ከነጭነታቸው ከ3,500 ኪሎ ግራም እንዳይበልጡ ነው፤ ይህም ተራው የ«ቤ» መንጃ ፈቃድ የሚፈቅደው የመጨረሻ ክብደት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 በፊት በጀርመን መንጃ ፈቃድ ያወጡ ሰዎች እስከ 7.5 ቶን መንዳት ሲችሉ፣ ከዚያ ወዲህ ያወጣን ሰዎች ከ3.5 ቶን በላይ ለተመዘገበ መኪና ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልገናል።

አሳሳቹ ነገር በመኪናው የምዝገባ ወረቀት ላይ የሰፈረው ባዶ ክብደት ነው። በአውሮፓ ደንብ መሠረት ይህ ቁጥር 75 ኪሎ የሚገመት ሹፌርን፣ 90 በመቶ የተሞላ የነዳጅ ታንከርንና ጋዝን ይጨምራል፤ የመጠጥ ውኃው ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው 20 ሊትር ብቻ ተይዞ ነው። ወረቀቱ 2,950 ኪሎ የሚል አራት መቀመጫ ያለው መኪና እንውሰድ። የቀረው 550 ኪሎ ብዙ ይመስላል። ከዚህ ላይ ሦስት ተሳፋሪዎች 225፣ ታንከሩን ለመሙላት የሚጨመረው ውኃ 80፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ከመስቀያቸው ጋር 70፣ በኋላ የተገጠሙ የጥላ መጋረጃና ተጨማሪ ባትሪ 60 ኪሎ ሲወስዱ፣ ለአራት ሰው ልብስ፣ ምግብና የማብሰያ ዕቃ የሚተርፈው 115 ኪሎ ብቻ ነው። (ጀበናውና ረከቦቱ አያስቸግሩም፤ ጤፉ ነው እንጂ።) አራት መቀመጫ እየገጠሙ ለአራት ሰው ጓዝ የማይበቃ መኪና መሸጥን እኔ እንደ ቅንነት አልቆጥረውም።

ፖሊስ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈትሸው በአውራ ጎዳና ማረፊያዎች ላይ ነው፤ ተንቀሳቃሽ ሚዛን ከጎማዎቹ ሥር አኑሮ ይመዝናል፣ ወይም በአቅራቢያው ወዳለ ሚዛን ይወስዳል። በጀርመን ከ5 በመቶ በላይ ትርፍ ጭነት 10 ዩሮ፣ ከ10 በመቶ በላይ 30 ዩሮ ያስቀጣል፤ ከ20 በመቶ ሲያልፍ 95 ዩሮና አንድ የቅጣት ነጥብ ይሆናል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ትርፉ እስኪራገፍ ድረስ ጉዞው ሊታገድ መቻሉ ነው። ውኃውን ማፍሰስ ይቻላል፤ ብስክሌቱን ግን የት ይጥሉታል?

ጠቅላላው ክብደት ልክ ሆኖም የኋላው አክስል (የግራና የቀኝ ጎማዎቹ የተያያዙበት ዘንግ) ለብቻው ከተፈቀደለት ሊያልፍ ይችላል። ከኋላ ጎማዎች አልፎ የተሰቀለ ብስክሌት በኋላው አክስል ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከራሱ ክብደት ይበልጣል፤ የፊቱንም አክስል ያቀልላል፣ ይህም መሪውንና ፍሬኑን ይጎዳል። ስለዚህ መኪናው ለጉዞ እንደሚወጣ ሆኖ ተጭኖ፣ ሰዎቹም ተሳፍረውበት፣ መጀመሪያ በሙሉ ከዚያም አክስል በአክስል መመዘን አለበት። ለሕዝብ ክፍት የሆኑ የመኪና ሚዛኖች ይህን በጥቂት ዩሮ ይሠራሉ።