የሰው ቅኔ ይዤ ኢንተርቪው የገባሁ ዕለት

ለፕሮግራመርነት ሥራ ኢንተርቪው ሁለት ወር ሙሉ ተዘጋጅቻለሁ ብዬ ነበር። ማታ ከሥራ ስገባ ላፕቶፔን እከፍታለሁ። ሊትኮድ በሚባለው የፕሮግራሚንግ መለማመጃ ድረ ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ አነባለሁ፣ አምስት ደቂቃ አየት አደርገውና ካልመጣልኝ መልሱን እከፍታለሁ። መልሱን ሳየው ደግሞ ሁሉም ነገር ግልጽ ነው! «ይሄማ ቀላል ነው» እላለሁ፣ ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ፣ ወደ ቀጣዩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ደብተሩ ሞላ። 150 ጥያቄ ጨርሻለሁ ብዬ ለጓደኞቼ ጉራዬን ስነዛ ከረምኩ። ለካ የጨረስኩት ማንበቡን ነው።

ድርጅቱ አዲስ አበባ፣ እኔ ባሕር ዳር፣ ስለዚህ ኢንተርቪው በቪዲዮ ነው። መብራት ይጠፋብኛል ብዬ ላፕቶፑንም ስልኩንም ቻርጅ አድርጌ፣ ሆትስፖት አዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። መብራቱ አልጠፋም። የጠፋሁት እኔ ነኝ።

ጠያቂዋ ረጋ ያለች ናት። የቁጥሮች ዝርዝር አለ፣ ድምራቸው ይህን ያህል የሚሆን ሁለት ቁጥር ፈልግልኝ አለች። ደስ አለኝ፤ የደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለ ጥያቄ ነዋ! ተናግራ ሳትጨርስ መጻፍ ጀመርኩ። ሃሽ ማፕ (ያለፉትን ቁጥሮች ሜሞሪ ላይ መዝግቦ ወዲያው የሚያገኝልኝ ማስቀመጫ)፣ አንድ ዙር፣ እያንዳንዱ ቁጥር ላይ የጎደለው ቀደም ብሎ ታይቶ እንደሆነ ማየት። በሦስት ደቂቃ አለቀ።

«ዝርዝሩ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድሮ ነው የሚመጣልህ ብዬህ ነበር እኮ። ተጨማሪ ሜሞሪም የለህም» አለችኝ።

ዝም አልኩ። «ምን እያሰብክ ነው? እያሰብክ ንገረኝ» አለች። እያሰብኩ ተናግሬ አላውቅማ! ሁለት ወር ያጠናሁት አፌን ዘግቼ ነው። በመጨረሻ አንዱን ሉፕ (ዙር) በሌላው ውስጥ ከትቼ፣ እያንዳንዱን ቁጥር ከሁሉም ጋር የሚያጋጥም ነገር አቀረብኩላት። «1 ሚሊዮን ቁጥር ቢሆንስ?» አለች። ወደ 500 ቢሊዮን ጥንድ ይሆናል። መልሱን ስናገረው ለራሴም ቀፈፈኝ።

የባሰው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ሲቪዬ ላይ «ቀርፋፋ የነበረውን ሪፖርት አፈጠንኩ» ብዬ ጽፌያለሁ። እውነት ነው፣ ዳታቤዙ ላይ ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ የሚፈለገውን ቶሎ የሚያሳይ ዝርዝር) ጨምሬ ያፈጠንኩት እኔ ነኝ። «ኢንዴክስ እንዲህ ጥሩ ከሆነ ለምን ሁሉም ኮለም (የሰንጠረዥ ዓምድ) ላይ አናደርገውም?» ብላ ጠየቀችኝ። አዲስ መረጃ በገባ ቁጥር ኢንዴክሱም አብሮ መታደስ አለበት፣ ስለዚህ መጻፉን ያዘገየዋል፣ ቦታም ይበላል። ይህንኑ መሥሪያ ቤታችን ለገባ ጀማሪ ልጅ ሻይ እየጠጣን አስረድቼዋለሁ! በዚያች ሰዓት ግን «እ... ፍለጋውን ያቀላጥፋል» ብዬ ቀረሁ። የሰው ጥያቄ ሳሳድድ የራሴን ሥራ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አልከለስኩትም።

አልደወሉልኝም።

በዚያው ሰሞን ቤተሰብ ልጠይቅ ዳንግላ ወረድኩ። አጎቴ በወጣትነታቸው ዋሸራ በሚባለው የቅኔ ትምህርት ቤት ቅኔ የቆጠሩ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁብኝ።

«የሰው ቅኔ ይዘህ ነዋ የገባኸው!» አሉኝ። «እኛ የኔታ ቅኔ ይነግሩናል፣ ምሥጢሩን ይፈቱልናል። ያንኑ መልሰህ ብትነግራቸው ማን ይሰማሃል? ሜዳ ወጥተህ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠህ የራስህን ትቆጥራለህ። ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ለማግኘት ቀኑን ሙሉ የዋልኩበት ጊዜ አለ። ከዚያ ፊታቸው ሆነህ ትናገራለህ፣ ስትሳሳት እዚያው ያርሙሃል።»

ከዚያ ወዲህ ደብተሩን ትቼዋለሁ። አሁን በቀን ሁለት ጥያቄ ብቻ፣ ባዶ ወረቀት ላይ፣ ከ40 ደቂቃ በፊት መልስ አልከፍትም። መልሱን ካየሁ በሦስተኛው ቀን ከባዶ እንደገና እሠራዋለሁ። መጀመሪያ ስሞክረው ያየኋቸውን ግማሹን መድገም አቃተኝ፣ አላጋንንም። ደግሞ ጮክ ብዬ ነው የምሠራው፤ ተከራይ ጎረቤቶቼ ምን እንደሚሉኝ እንጃ።

የመጀመሪያው አድማጬ ግን አጎቴ ነበሩ። እዚያው ዳንግላ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን፣ ያቺን የወደቅኩባትን ጥያቄ በጆንያ አስረዳኋቸው።

«አምስት ጆንያ ከቀላል ወደ ከባድ ተደርድሯል እንበል፤ 20፣ 35፣ 40፣ 50፣ 65 ኪሎ። አህያዋ ላይ ሁለት ጆንያ፣ ልክ 90 ኪሎ መጫን አለብን። ከዳርና ከዳር እጀምራለሁ። 20 እና 65፣ 85 ነው፣ አነሰ። ስለዚህ 20ውን ጨርሶ እጥለዋለሁ።»

«እንዴታ!» አሉ አጎቴ ሳልጨርስ። «ከከባዱ ጋር ሆኖ ካልሞላ ከማን ጋር ሊሞላ ነው!»

ኢንተርቪው ላይ ያጣኋት ዓረፍተ ነገር ይህች ናት። ቀጠልኩ፦ 35 እና 65፣ 100፣ በዛ፣ 65ቱን እጥላለሁ። 35 እና 50፣ 85፣ አነሰ። 40 እና 50፣ 90! እያንዳንዱን ጆንያ አንዴ ብቻ አልፌ ጨረስኩ። ኩራት ኩራት አለኝ።

አጎቴ ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ «አሁን አንተ፣ በአንድ ጎን 40 በሌላው 50 ጭነህ አህያዋ መንገድ ላይ ብታዘነብልብህስ? እኩል ይሁን አይሁን መቼ ጠየቅኸኝ?» አሉኝ።