ከሰርግ ቪዲዮ ክሊፕ ማውጣት፦ ሁለተኛው ቁጥር ላይ ነው ነገሩ ያለው

ሰላም ቤተሰብ፣ ቪዲዮ መቁረጥ እየተማርኩ ያለሁት በዘመድ ሰርግ ቪዲዮ ነው፣ ሦስት ሰዓት ምናምን የሚሄድ ፋይል፣ ከሱ ውስጥ እስክስታውን ብቻ አውጥቼ በቴሌግራም ለቤተሰብ መላክ ነው ምፈልገው። እስክስታው 1:12:30 ላይ ይጀምርና 1:16:30 ላይ ያልቃል፣ በቃ 4 ደቂቃ።

መነሻውን መሙላት ማንንም አያስቸግርም። ሁለተኛው ቁጥር ግን አንዱ ፕሮግራም ጋ ማብቂያ ነው፣ ሌላው ጋ የክሊፑ ርዝመት ነው፣ እና ይሄን ሳይለዩ መቀጠል አይቻልም። ሃንድብሬክን (ቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ነው) በመስኮቱ ስትከፍቱት ሬንጅ ሚለውን ከቻፕተር ወደ ሰከንድ ቀይራችሁ ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ ነው ምትሞሉት፣ ያው ሃንድብሬክ በኮማንድ ላይን (ትእዛዝ በጽሑፍ እየሰጣችሁት) ሲሆን ግን ስቶፕ አት ሚለው ከመነሻው ጀምሮ ነው ሚቆጥረው። ስለዚህ ስታርት አት 4350 ሰከንድ ካላችሁ ስቶፕ አት 240 ነው ሚሆነው፣ 4590 ብትሉት ከአንድ ሰዓት በላይ የሆነ ክሊፕ ነው ሚወጣላችሁ።

ኤፍኤፍኤምፔግ (ይሄም በጽሑፍ ትእዛዝ ሚሰራ የቪዲዮ ፕሮግራም ነው) ላይ ደሞ ቲ (-t) ርዝመት ነው፣ ቲኦ (-to) ማብቂያ ነው፣ መነሻው ኤስኤስ (-ss) ነው። እዚህ ጋ ቦታም ወሳኝ ነው፦ ኤስኤስን ከፋይሉ ስም በፊት ካስገባችሁት በቀጥታ ወደዛ ደቂቃ ይዘላል፣ በጣም ይፈጥናል፣ ከኋላ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ እያነበበ እየጣለ ነው ሚደርሰው። ከፊት ስታደርጉት ሰዓቱ ከዜሮ ስለሚጀምር ቲኦን ከኋላ ከተዋችሁት እንደ ርዝመት ይሰራል፣ ወይ ሁለቱንም ከፊት አድርጉ ወይ እንደኔ ሁሌም ቲን ተጠቀሙ፣ እኔ ርዝመት ማሰቡ ይቀለኛል።

ሌላው ኪፍሬም ነው፣ ማለትም ሌላ ፍሬም ሳይጠብቅ ለብቻው ሙሉ ሆኖ የተቀመጠ የቪዲዮው ምስል (ፍሬም)። ኮፒ ብላችሁ ሳትትራንስኮዱ (ቪዲዮውን እንደ አዲስ ሳትኢንኮዱ) ከቆረጣችሁ መነሻው ከሱ በፊት ወዳለው ኪፍሬም ነው ሚሄደው፣ ኤክስ264 ሚባለው ቪዲዮ ኢንኮደር ደሞ ሴቲንጉ እንዳለ ከተተወ በሁለት ኪፍሬም መሃል እስከ 250 ፍሬም ሊኖር ይችላል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ለሆነ ቪዲዮ 10 ሰከንድ ማለት ነው! ከበሮው ሲመታ እንዲጀምር ከፈለጋችሁ የግድ ትራንስኮድ አድርጉት፣ ያኔ የጻፋችሁት ሰከንድ ላይ ይጀምራል።

አሁን የሽማግሌዎቹን ምርቃት እያወጣሁ ነው፣ እሱ ላይ ርዝመቱን ሁለት ሦስት ሰከንድ እጨምርበታለሁ፣ የመጨረሻው አሜን መሃል ላይ እንዳይቆረጥ።