ከጅሬን ቁልቁለት
ዛሬ ጅማ አጠገብ ወዳለው ኮረብታ፣ ወደ ጅሬን ስወጣ መንገድ ዳር የተቆረጠ ገደል አየሁ። ከታች ጥቁር ባዛልት፣ መሀል ላይ እንደ ሽንኩርት የሚላጥ ቡናማ ድንጋይ፣ ከላይ ያ ጫማ የሚያበላሸው ቀይ አፈራችን። ሦስቱም አንድ ዘር ናቸው እኮ!

ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ የፈሰሰ፣ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ ቅልጥ አለት ቀዝቅዞ ባዛልት ሆነ። ከዚያ የጅማ ዝናብ ተረከበው። ዝናባችን ደግሞ ሥራ አይፈታም! ውሃው በስንጥቁ እየገባ ማዕድኑን ያሟሟል፣ ውስጡ ያለው ብረት ይዝጋል። ቅላቱ ከዚያ ነው።

አንዱን ቁራጭ ጫን ሳደርገው ዳሩ ፍርክስክስ አለ። መሀሉ ግን ገና ጥቁር፣ መዶሻ የሚፈልግ።

የታጠበው አፈር፣ ግድብ ካላስቀረው፣ በጊቤና በኦሞ አድርጎ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። እዚያ ከተደራረበና ከተጫነ መልሶ ድንጋይ ይሆናል።