ሽጉጥ የት ይሠራል? የአንኮበር መንገድ ወግ

በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ሄድን። ፓርላማው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጁን ካጸደቀ ገና ወሩ አልሞላም። ሚኒባሱ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። አንዱ "ያለንን ሊቀሙን ነው" ይላል። ሌላው "ታስመዘግባለህ፣ ፈቃድ ታወጣለህ፣ በቃ" ይላል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሁሉም ጋቢው ውስጥ ተጠቅልሎ ነው የሚከራከረው።

አብሮኝ የነበረው የአጎቴ ልጅ ነው። የገብስና የባቄላ ነጋዴ ነው። ከገበያ ሲመለስ ኪሱ ጥሬ ብር አያጣም። ያለፈው ክረምት መንገድ ላይ አስቁመው ዘርፈውታል። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ ሁሉ ሽጉጥ ነው። ስልኩን አውጥቶ የአንድ ጥቁር ሽጉጥ ፎቶ አሳየኝ።

"አዲስ ነው። የቱርክ ነው። ዋጋው የማካሮቭን ግማሽ አይሞላም" አለኝ። ማካሮቭ ያለው የሶቪየቱን ሽጉጥ ነው።

ፎቶውን አልወደድኩትም። የቱርክ ሽጉጥ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ቱርክ ውስጥ ደህና ሽጉጥ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ። ጃኒክ ሳምሱን ከተማ ነው የሚሠራው፤ ሳርሲልማዝ ዱዝጄ፣ ጊርሳን ደግሞ ጊረሱን። ከምዕራብ አውሮፓዎቹ ይረክሳሉ፤ ለዋጋቸው ግን የሚታሙ አይደሉም። ችግሩ ከዚያው አገር ሌላ ዓይነትም መምጣቱ ነው። ድምፅ ብቻ እንዲያወጣ የተሠራ፣ ለማስደንገጫ የሚሸጥ ሽጉጥ አለ። አካሉ ባብዛኛው ብረት ሳይሆን የዚንክ ቅይጥ ነው። በድብቅ ይነካካና እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ ይደረጋል። መልኩ ከደህናው አይለይም። የባሩዱን ግፊት እንዲችል ግን አልተሠራም። የተኳሹ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ይህንን ስነግረው ዝም አለ። ፎቶውን ግን አላጠፋውም።

የአንኮበር ከተማ ጎረቤላ ወርደን ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ኮረብታ ወጣን። ከላይ ሆኖ ቁልቁል ወደ አፋር ቆላ ማየት ያስደስታል። እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ነበር። የሸዋ መሣሪያ በብዛት የገባው በዚህ ገደል በኩል ነው። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጠመንጃና መድፍ ይዞ በዚሁ አቀበት መጣ። ቅፍለቱ ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ በረሃውን ያቋርጣል፣ አሊዩ አምባ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ አንኮበር ይወጣል።

አርተር ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ገጣሚም በ1879 ዓ.ም. 2,000 ያህል ጠመንጃ በግመል አስጭኖ እዚህ ደርሷል። ያመጣው አዲስ ነገር አልነበረም። የአውሮፓ ጦር ከአርባ ዓመት በፊት የጣለው አሮጌ ጠመንጃ ነው። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ራሱ እንደገለጸው፣ ቤልጅግ ውስጥ ሊዬዥ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጣው ጠመንጃ ለሸዋ ንጉሥ በ40 ፍራንክ ይሸጥ ነበር። ይህን ለአጎቴ ልጅ ደጋግሜ ነገርኩት። የት እንደተሠራ፣ ስንት ዘመን እንዳገለገለ የማያውቅ ገዢ ንጉሥም ቢሆን ከልክ በላይ ይከፍላል።

ምኒልክ ግን ይህ የገባቸው ሰው ይመስሉኛል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ሲመጣ ጠመንጃ እዚሁ ሥራልኝ እንዳሉት ይነገራል። ከውጭ ማስመጣቱ ይረክሳል ቢላቸውም አልሰሙትም። ሠርቶም አሳያቸው ይባላል። እኔ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤላ ወደሚኖሩ አንድ ዘመዳችን ቤት ገባን። በጦሩ ውስጥ መሣሪያ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ማካሮቭ አላቸው፣ ፈቃዱም በእጃቸው ነው። ቆሎና ጠላ ከቀረበ በኋላ ሽጉጡን አወጡት። መጀመሪያ ካርታውን፣ ማለትም የጥይት መያዣውን፣ ነቀሉ። የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስበው ውስጡን በዓይናቸው አዩ፣ በትንሽ ጣታቸውም ዳሰሱ። ከዚያ በኋላ ነው አፋቸውን የከፈቱት።

"ልጄ፣ ባዶ ነው ቢሉህም እንደጎረሰ ቁጠረው። ጣትህ ምላጩ ላይ አይረፍ። አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙር።"

"እሺ ጋሼ" አለ።

የሶቪየት ጦር ማካሮቭን የታጠቀው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ዋናው ፋብሪካ ኢዥቬስክ ነው፤ ምሥራቅ ጀርመን፣ ቡልጋሪያና ቻይናም ሠርተውታል። 8 ጥይት ይይዛል። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ለመፍታትና ለመወልወል አያስቸግርም። ቱላ የተሠራው ሌላው የሶቪየት ሽጉጥ፣ ቶካሬቭ፣ ደግሞ ጥይቱ ኃይለኛ ነው፣ በጭቃ ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ሊመታ ይችላል። የመጀመሪያው ቶካሬቭ የእጅ መቆለፊያ እንኳን የለውም። ጋሼ ለጀማሪ ፈጽሞ አይመክሩትም።

የአጎቴ ልጅ ፎቶውን አሳያቸውና "ዘጠኝ ሚሊ ነው" አላቸው። ስልኩን እያዩ "የቱ ዘጠኝ?" አሉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ነው፤ የፊተኛው ቁጥር የጥይቱ ውፍረት፣ የኋለኛው የቀለሁ ርዝመት ነው፣ በሚሊ ሜትር። አብዛኛው ዘመናዊ ሽጉጥ የሚጎርሰው ግን 9 በ19 ነው። የኦስትሪያው ግሎክ እና ቼክ አገር ኡሄርስኪ ብሮድ ከተማ የሚሠራው ቼዜድ 75 ለምሳሌ። ከጣልያን ወረራ የቀረው ቤሬታ 1934 ደግሞ 9 በ17 ነው። ሦስቱም ዘጠኝ ይባላሉ፣ አንዱ በሌላው ቦታ አያገለግልም። ሽጉጥ ገዝቶ ጥይቱን ማጣት ብረት ተሸክሞ መዞር ነው።

ከዚያ ስለ ማኅተም አወሩ። ይህን ከማንም እንዲህ ጥርት ብሎ አልሰማሁትም ነበር። የቤሬታ ፋብሪካ ያለበት የጣልያኑ ጋርዶኔ ከተማ መሣሪያ የሚፈተንበት ቤት አለው። የአውሮፓ ፈታኞች ሽጉጡ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ከመደበኛው ጥይት 30 በመቶ የበለጠ ግፊት ባለው ጥይት ይተኩሱበታል። ከቻለ ማኅተም ይመቱበታል። ቤሬታ ለቬኒስ የጠመንጃ አፈሙዝ መሸጡን የሚያሳየው ሰነድ የተጻፈው በእኛ 1519 ዓ.ም. ነው፤ ከሽምብራ ኩሬ ጦርነት በፊት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም በማኅተሙ ይጠየቃል። ፎቶው ላይ ያለው ሽጉጥ ግን የሠሪ ስም የለው፣ ቁጥር የለው። አዋጁ ደግሞ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ ሲመዘገብም ከነቁጥሩ ነው። ቁጥር የሌለውን ምን ብሎ ያስመዘግባል?

እዚያው ተቀምጠን ለሻጩ ደወለ። የፋብሪካው ስም የቱ ጋ እንደተጻፈ ጠየቀው። ሻጩ "ምን ያደርግልሃል? ይተኩሳል" አለውና ዘጋው። ጋሼ ምንም አላሉም። ጠላ ቀዱለት።

ስንመለስ መንገዱ ላይ ተስማማን። መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ሄዶ ስለ ፈቃዱ ይጠይቃል። ከተፈቀደለት ያገለገለም ቢሆን ቁጥሩና ሠሪው የሚታወቅ፣ ጥይቱ በሕጋዊ መንገድ የሚገኝ ሽጉጥ ይይዛል፤ ጋሼም ሳያዩት አይከፍልም። እስከዚያው ገንዘቡን በባንክ እንዲያስተላልፍና ብቻውን መንገድ ላይ ማምሸቱን እንዲተው ለመንኩት። እሺ ብሎኛል።