ዘጠኙም ጎብኚ እኔው ነበርኩ፦ የሳይክል ጥገና ድረ ገጼ ስድስት ወር

በመጀመሪያው ሳምንት ቆጣሪው በቀን 9 ጎብኚ ይለኝ ነበር። ደስ አለኝ፤ ምን ይደብቁታል። ከዚያ ሌላ ሥራ ይዞኝ ሁለት ቀን ገጹን ሳልከፍት ቀረሁ። ቆጣሪው ዜሮ አለ። ለካ ዘጠኙም እኔው ነኝ፤ በስልክም በኮምፒውተርም እየገባሁ «እስቲ ሰው መጣ ወይ» ስል የነበርኩት።

ድረ ገጹ ስለ ሳይክል ጥገና ነው። ሙያተኛ አይደለሁም። የራሴን ሳይክል ስፈታና ስገጥም የተማርኩትን ነው የምጽፈው። ስጀምር ለማስታወቂያ ምንም ላለመክፈል ወስኜ ነበር፤ እስካሁንም አልከፈልኩም።

የመጀመሪያውን ወር በከንቱ ነው ያሳለፍኩት። ያገኘሁት የቴሌግራም ግሩፕ ሁሉ ውስጥ ሊንኬን ወረወርኩ። አንድ ቀን 140 ሰው ገባ፤ በማግስቱ 6፤ በሦስተኛው ቀን ማንም። የገቡትም ገጹ ላይ ጥቂት ሰከንድ እንኳ አልቆዩም። ከአንዱ ግሩፕ አድሚኑ አባረረኝ። ልክ ነበር። እኔም ብሆን አባርረኝ ነበር።

ሁለተኛው ወር ላይ ጎግል ጭራሽ ያውቀኝ እንደሆነ ላጣራ አልኩ። ቀላል ነው፤ መፈለጊያው ላይ «ሳይት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል (site) ትጽፋላችሁ፣ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ (:) ታስከትላላችሁ፣ ከዚያ ክፍተት ሳትተዉ የድረ ገጻችሁን አድራሻ። የእኔን ስጽፍ ምንም አልመጣም። አንድም ገጽ!

ሰርች ኮንሶል ውስጥ (ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች የሚሰጠው መሣሪያ ነው) ገብቼ አንዱን ገጽ ሳስመረምር መልሱ ወጣ፦ «ኖኢንዴክስ»፣ «አትመዝግቡ» ማለት ነው። ድረ ገጹን በዎርድፕሬስ፣ በድረ ገጽ መሥሪያው፣ ስሠራ፣ ሳላልቅ ሰው እንዳያየው ብዬ የፍለጋ ሞተሮች እንዳይመዘግቡት የምታዘዋን ሳጥን ምልክት አድርጌባት ነበር። ማንሳቱን ረሳሁት። እንግዳ ጠርቼ በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ ተቀምጫለሁ ማለት ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ!

ይህን ሳስተካክል አንድ ነገር ገባኝ። ሮቦትስ የሚባለው ፋይል የሚከለክለው የፍለጋ ሞተሮች ገጹን መጎብኘታቸውን ነው፤ ኖኢንዴክስ ደግሞ መመዝገብን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ካደረጋችሁ ጎግል ገጹን ስለማያነበው ኖኢንዴክሱንም አያየውም፤ ስለዚህ አድራሻው ውጤት ላይ ሊወጣ ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታል፤ እኔም ተምታቶብኝ ነበር።

ከዚያ ሳይትማፕ፣ ማለትም የገጾቼን አድራሻ ዝርዝር የያዘ ፋይል፣ ለጎግል አስገባሁ። አንድ የሳይትማፕ ፋይል እስከ 50,000 አድራሻ ይይዛል፤ የእኔ 14 ነበር። ሳይትማፕ ገጾቻችሁ እንዲገኙ ይረዳል እንጂ በፍለጋ ውጤት ወደ ላይ አያወጣም። ከ14ቱም ሦስቱ ታይተው ሳይመዘገቡ ቀሩ። ሄጄ ሳነባቸው ጎግል ላይ አልፈረድኩም፤ «የሳይክል ጥቅሞች» ዓይነት፣ የትም የሚገኝ ወሬ ነው። አጠፋኋቸው። አንድ ምሽት ሙሉ የኪወርድስ ሜታ ታግ (አንባቢ የማያየው፣ ከገጹ ኮድ ውስጥ የሚቀመጥ የቁልፍ ቃላት ዝርዝር) ስሞላም አምሽቻለሁ፤ ጎግል ያንን ታግ ለደረጃ እንደማይጠቀምበት የተናገረው ገና በ2009 ነው። ምሽቴን ማን ይመልስልኝ።

ለውጥ ያየሁት ግን ሰዎች የሚጽፏቸውን ቃላት ማንበብ ስጀምር ነው። ሰርች ኮንሶል ገጻችሁ በየትኛው ፍለጋ እንደታየ፣ ስንት ጊዜ እንደታየና ስንት ጊዜ ክሊክ እንደተደረገ ያሳያል። የእኔ አንዱ ጽሑፍ ርዕሱ «የብስክሌት ሰንሰለት አያያዝ» ይል ነበር። ሰዎቹ የጻፉት ደግሞ «ሳይክል ካቴና ለምን ይወልቃል» ነው። እጁ ግሪስ ሆኖ መንገድ ዳር የቆመ ሰው «ሰንሰለት» አይልም! እኔ ራሴ ስናገር ካቴና ነው የምለው፤ ስጽፍ ምን እንደነካኝ እንጃ።

ርዕሱን እንዳለ የእነሱ ጥያቄ አደረግሁት። ቀድሞ መግቢያው ስለ ሳይክል ታሪክ ሁለት አንቀጽ ነበር፤ ቆረጥኩት። አሁን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መልሱ ነው፦ ማርሽ የሌለው ሳይክል ከሆነ ካቴናው ላልቶ ሊሆን ስለሚችል የኋላውን ጎማ ብሎን አላልታችሁ፣ ጎማውን ወደ ኋላ ስባችሁ፣ መልሳችሁ አጥብቁ። ከሥሩ የራሴ እጅ ያለበት ፎቶ አለ። ፎቶው 4 ሜጋባይት ነበር፤ ከ200 ኪሎባይት በታች አወረድኩት። በስልክ የሚከፍት ሰው ፎቶ እስኪመጣ አይጠብቅም። ጎግልም የገጹ ትልቁ ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል።

«ብስክሌት» እና «ሳይክል»ንም ሁለቱንም አስገባሁ፤ ግን በዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ እንደ ወሬ። ገጹ ግርጌ ላይ ቃል መደርደር አንባቢንም ጎግልንም ያስጠላል። በአማርኛ ደግሞ የሀ፣ የሐ እና የኀ ጣጣ አለ፤ አንዱን ቃል ሰው እንደመሰለው ይጽፈዋል። ርዕስ ላይ የምጠቀመው ሰው አብዝቶ የጻፈውን ነው፤ ሰዋስው ያዘዘውን ሳይሆን። በዚህ የሚቆጣኝ ይኖራል።

ያ ገጽ በአምስት ሳምንት ውስጥ ከ30ዎቹ ደረጃ ወደ 6ኛ መጣ። ዛሬ በቀን ከ30 እስከ 40 ሰው ይገባል፤ ከግማሽ በላዩ በካቴናው በኩል ነው። (የራሴን ጉብኝት ቆጣሪው እንዳይቆጥር አድርጌያለሁ፤ አትሳቁ።)

ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ እኔ የሚያመጣ ሊንክን በተመለከተ ብዙ የለኝም። ስለ ሳይክል ጉዞ የሚጽፉ ሰዎች ገጽ ላይ የሞቱ ሊንኮች ፈልጌ፣ «ይቺ አትከፈትም፤ በምትኳ የእኔ ትረዳችሁ እንደሆን እዩዋት» ብዬ ለስምንት ሰው ጻፍኩ። ሁለቱ መለሱ፤ አንዷ አስገባችልኝ። ሌላ ሰው ደግሞ ሺህ ሊንክ ልሽጥልህ ብሎኝ ነበር። ደረጃ ለማግኘት ሊንክ መግዛት የጎግልን ደንብ መጣስ ነው፤ ምንም አልከፍልም ያልኩትም ይፈርሳል። ግሩፖቹ ውስጥ አሁን መልሱን እዚያው ሙሉውን እጽፋለሁ፤ ሊንክ የምሰጠው ሲጠይቁኝ ብቻ ነው።

አሁን የያዝኩት የፍሬኑን ገጽ ነው። ባለፈው ወር 400 ጊዜ ታይቶ ክሊክ ያደረገው 3 ሰው ነው። ርዕሱ «ስለ ፍሬን ማወቅ ያለብዎት ነገር ሁሉ» ይላል። ዛሬ ማታ «የሳይክል ፍሬን ሲያዝ ለምን ይጮሃል?» አደርገዋለሁ፤ ሌላውን ሁሉ ሳልነካ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቁጥሩን ይዤ እመለሳለሁ፤ 3 እንደሆነ ቢቀርም።