በቀን ሁለት ገጽ

ልቦለዱ የት ደረሰ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፦ ገጽ 84 ላይ ነኝ። በ46 ቀን። አራት ቀን ሳልጽፍ አልፌያለሁ። ቁጥሩ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ለኔ ግን ትልቅ ነው። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱም ሃያኛው ገጽ ላይ ሳይደርሱ ቀርተዋል።

የረዳኝ የአንዲት የወጣቶች ልቦለድ ደራሲ የሕይወት ታሪክ ነው። ሱዛን ኢሎይዝ ሂንተን ትባላለች፤ መጽሐፎቿ ላይ የሚታየው ስም ግን ኤስ. ኢ. ሂንተን ነው። በ1948 አሜሪካ ውስጥ፣ ኦክላሆማ፣ ተልሳ ከተማ ተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። «ዘ አውትሳይደርስ» የተባለውን ልቦለዷን በ15 ዓመቷ ጀምራ አብዛኛውን በ16 ዓመቷ ጻፈችው። በ1967 ሲታተም ገና 18 ዓመቷ ነበር። ስሟ በፊደል ያጠረው ደግሞ በአሳታሚዋ ሐሳብ ነው። መጽሐፉ ስለ ወንድ ልጆች ጠብ ስለሚያወራ፣ ሐያስያን የጻፈችው ሴት መሆኗን አይተው ሳያነቡት እንዳይንቁት ተሰግቶ ነበር።

ስለ እሷ የሚወራው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። የ16 ዓመት ልጅ፣ ተሰጥኦ፣ በቃ። እኔም እሱን ስሰማ «እንግዲህ ለኔ ረፍዷል» ነበር የምለው። ጠጋ ብዬ ሳነብ ሌላ ነገር አገኘሁ። ከትንሽነቷ ጀምሮ ስትጽፍ ነው ያደገችው። «ዘ አውትሳይደርስ» ለማሳተም የሞከረችው የመጀመሪያው ይሁን እንጂ፣ የጻፈችው ሦስተኛው መጽሐፍ ነው። ዓመት ተኩል ያህል ለፍታበታለች፤ አራት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ጽፋዋለች። በዚያው ዓመት በፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት ያገኘችው ውጤት ዲ ነበር። አራት ጊዜ መጻፏን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ። እኔ አንዱንም ሳልጨርስ ነበር «ጥሩ አይደለም» ብዬ የምተወው።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። መጽሐፉ ወጣ፣ ዝናው መጣ፣ እሷ መጻፍ አቃታት። ለሦስት ዓመት ያህል። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ፍቅረኛዋ ዴቪድ፣ በኋላ ባሏ የሆነው ማለት ነው፣ አንድ ደንብ አወጣ፤ በቀን ሁለት ገጽ ካልጻፈች ማታ አብረው አይወጡም። ጻፈች። እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር እየመዘነች፣ ያለቀውን ገጽ ከላይ ከላይ እየደረደረች፣ ወደ ኋላ ሳትመለስ። ክምሩ መጽሐፍ የሚያህል ሲሆን ላከችው። ሁለተኛ ልቦለዷ በ1971 ወጣ።

እኔ ከዚህ ሁለት ነገር ወሰድኩ። አንደኛው ሁለት ገጽ ነው። ሁለተኛው ወደ ኋላ አለመመለስ ነው፤ የከበደኝም እሱ ነው። ድሮ ልጽፍ ስቀመጥ ከገጽ አንድ ጀምሬ አነብ ነበር፣ እጄን ለማሟሟቅ ብዬ። ከዚያ አንድ ቃል እለውጣለሁ፣ ከዚያ አንድ አንቀጽ፣ ይመሻል። አሁን በእጅ ነው የምጽፈው። ያለቀው ገጽ ፖስታ ውስጥ ይገባል፣ ፖስታው መሳቢያ ውስጥ። ዘጠነኛው ቀን ላይ የተራኪዬን ወንድም ዕድሜ እንዳሳሳትኩ ትዝ አለኝ። መሳቢያውን ልከፍት ተነሥቼ ተመለስኩ። በምትኩ በሌላ ወረቀት ላይ «በኋላ የሚስተካከል» ብዬ ጻፍኩት። ዛሬ በዚያ ወረቀት ላይ 31 መስመር አለ። አንዱም እንቅልፍ አይነሣኝም።

ከ24ኛው ቀን በኋላ አንድ ችግር ገባ። ሁለት ገጽ ለመሙላት ስል ንግግር ማብዛት ጀመርኩ። ሰላምታ፣ የሰላምታ መልስ፣ «እሺ»፣ «ምን አልሽ?» ገጹ ይሞላል፣ ታሪኩ ቆሟል። ስለዚህ ደንቡን አጠበቅኩት፤ ምንም ነገር የማይለውጥ ንግግር ከገጽ አይቆጠርም።

አሁን ወደ ትልቁ ትምህርቴ ልምጣ። ተራኪዬ የ15 ዓመት ልጅ ናት። ታላቅ ወንድሟ ትምህርቱን አቋርጧል። እናታቸው ጎበዝ ሴት ናት፣ እወዳታለሁ። ግን ትዕይንቱ ሁሉ በእሷ ምክር ያልቅ ነበር። ልጆቹ ይጣላሉ፣ እናትየው ትገባለች፣ ትመክራለች፣ ይታረቃሉ። ያ የምትናገረው እናት እኔ ነበርኩ። ልጆቹ ሳይሳሳቱ ለማስተማር ቸኩዬ ነበር።

በሂንተን «ዘ አውትሳይደርስ» ተራኪው ፖኒቦይ 14 ዓመቱ ነው። ወላጆቹ በመኪና አደጋ ሞተዋል፤ የሚያሳድገው የ20 ዓመት ወንድሙ ዳሪ ነው። መጀመሪያ ሳነበው የወላጆቹ ሞት አንባቢን ለማሳዘን የገባ መስሎኝ ነበር። አሁን ሌላ ሥራ እንዳለው ይገባኛል። ጠብ ሲነሣ ገላጋይ የለም። ልጆቹ ጉድ ሲገጥማቸው ራሳቸው ይወስናሉ፣ ስህተትም ቢሆን። አንባቢው ልጅ መጽሐፉን የሚይዘው ለዚህ ይመስለኛል፤ ውሳኔው በእኩዮቹ እጅ ስለሆነ።

የኔዋን እናት አልገደልኳትም። ከገጽ 38 ጀምሮ የሌሊት ፈረቃ አስገባኋት። በዚያው ማታ ወንድምየው የሱ ያልሆነ ቦርሳ ይዞ ቤት ገባ። ልጅቷ የምትጠይቀው ሰው የለም። ቦርሳውን አልጋዋ ሥር ደበቀችው። አላቀድኩትም ነበር! ሁለቱ ገጾች በአርባ ደቂቃ አለቁ።

አንዳንዶቻችሁ ትረካውን ወደ ሦስተኛ መደብ እንድቀይር መክራችሁኛል፣ ልጅቷ ወንድሟ ውጭ የሚያደርገውን ስለማታይ። ምክራችሁን አስቤበታለሁ። ሂንተን የመጀመሪያዎቹን አራት ልቦለዶች «እኔ» በሚል ተራኪ ነው የጻፈቻቸው። ከአንደኛ መደብ የወጣችው በአምስተኛው ነው፣ በ1988፣ ከአራተኛው ዘጠኝ ዓመት ቆይታ። ለጊዜው በ«እኔ» እቀጥላለሁ። አለማየቷ ራሱ ፍርሃት እየፈጠረልኝ ነው።

ስጽፍ የማስበው አንባቢም ተለውጧል። በካሊፎርኒያ የአንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛና ተማሪዎች «ዘ አውትሳይደርስ» ፊልም እንዲሆን ለዳይሬክተሩ ለፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ፊልሙ በ1983 ወጣ። ድሮ የሚታየኝ ሐያሲ ነበር፣ አሁን እነዚያ ፊርማቸውን ያኖሩ ልጆች ናቸው።

ነገ ማታ ገጽ 85 ነው። እናትየው ያለወትሮዋ በሌሊት ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ቦርሳው ከሥሯ ነው። ልጅቷ ምን እንደምትላት ገና አላውቅም።